መምህር በሌለበት የሚያርም መጽሐፍ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው የትምህርት ዝግጅታችን በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆችንና ወላጆቻቸውን የሚመለከት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ የምታጠኑም የሚጠቅማችሁ ነገር አታጡበትም። እርሳስና ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉ፤ መሀል ላይ አብረን የምንሠራት አንዲት ጥያቄ አለች።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ኤፒ ካልኩለስ የሚባለውን ከፍተኛ የሒሳብ ትምህርት የማይሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ። የሚሰጡም ቢሆኑ፣ ልጁ ከኢትዮጵያ የመጣው 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ላይ ከሆነ ዝቅ ካለ የሒሳብ ክፍል ሊመድቡት ይችላሉ። አንዳንዱ ደግሞ ሰዓቱ ከሌላ ትምህርት ጋር ይጋጭበታል። እንዲህ ያለው ተማሪ "ለምን በራሴ አላጠናውም?" ይላል። መብቱ ነው፤ የኤፒውን ፈተና ለመፈተን ኮርሱን ክፍል ገብቶ መማር ግዴታ አይደለም። ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ ግን "የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?" የሚል ነው። መጽሐፍ መደብር ቢገባ ሁሉም ከፍተኛ ውጤት ቃል የሚገባ፣ ሁሉም ወፍራም፣ ሁሉም ውድ ሆኖ ይጠብቀዋል።

መምህር ክፍል ውስጥ ሦስት ሥራ ይሠራል። ያስረዳል፣ ያሠራል፣ ያርማል። ማስረዳቱን ዛሬ ከየትም ታገኙታላችሁ፤ ስልኩን ከፍቶ "ዴሪቬቲቭ" ብሎ ለፈለገ ቪዲዮው ማለቂያ የለውም። መልመጃውም እንደዚያው ሞልቷል። ብቻውን የሚያጠና ተማሪ የሚያጣው አራሚ ነው። ደብተሩን አይቶ "እዚህ ጋ ተሳስተሃል፣ የተሳሳትከውም በዚህ ምክንያት ነው" የሚለው ሰው የለውም። ስለዚህ አጋዥ መጽሐፍ ስትመርጡ "ጥሩ ያስረዳል ወይ?" ከማለታችሁ በፊት "ያርመኛል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። የዛሬው ምክራችን በሙሉ ከዚህ ጥያቄ የሚነሳ ነው።

መጀመሪያ ፈተናውን እንወቀው። የኤፒ ፈተናዎችን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው። ካልኩለስን ከ1969 ጀምሮ ኤቢ እና ቢሲ ብሎ ለሁለት ከፍሎታል። የኤቢ ትምህርት 8 ክፍሎች አሉት። ከሊሚት ይነሳል፤ ወደ ዴሪቬቲቭ ያልፋል፤ ዴሪቬቲቭን ፍጥነት ለማስላት፣ ትልቁንና ትንሹን ዋጋ ለመፈለግ፣ የግራፍን ቅርጽ ለማንበብ ይጠቀምበታል። ከዚያ ኢንቴግራል፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ በመጨረሻም በኢንቴግራል ስፋትና ይዘት ማስላት ይመጣል። ቢሲ ይህን ሁሉ ይዞ በየመሀሉ ጥቂት ርዕሶች ያክላል፤ በተጨማሪም ሁለት ሙሉ ክፍሎች አሉት። አንደኛው ፓራሜትሪክ፣ ፖላርና ቬክተር ፈንክሽኖች፣ ሁለተኛው ኢንፊኒት ሲሪስ ናቸው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ቢሲ የተፈተነ ተማሪ ከዋናው ውጤት ጎን ለኤቢው ድርሻ ለብቻው የተሰላ ውጤትም ይደርሰዋል።

በ2025 የተሰጠውን ፈተና ብናይ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው 45 የምርጫ ጥያቄዎች በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚሠሩበት ነው። ከነዚህ 30ዎቹ ያለ ካልኩሌተር ናቸው። ሁለተኛው ክፍል 6 የጽሑፍ ጥያቄዎች አሉት፤ ጊዜው 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው፤ እዚህም 4ቱ ያለ ካልኩሌተር ይሠራሉ። ተማሪው ጥያቄዎቹን ኮምፒውተር ላይ ያነባል፤ የምርጫውን መልስ እዚያው ይሰጣል፤ የጽሑፍ ጥያቄዎቹን ግን ወረቀት ላይ በእጁ ይሠራል። ሁለቱ ክፍሎች እኩል ግማሽ ግማሽ ይይዛሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የውጤቱ ግማሽ የሚመጣው በእጅ ከሚጻፈው ነው። እያንዳንዱ የጽሑፍ ጥያቄ 9 ነጥብ አለው። እነዚያ 9 ነጥቦች ለመጨረሻው መልስ ብቻ የሚሰጡ አይደሉም፤ በየደረጃው ተበትነዋል። ትክክለኛውን ኢንቴግራል ላቆመ ነጥብ አለ፤ ምክንያቱን ለጻፈ ነጥብ አለ፤ መለኪያውን፣ ማለትም ሜትር በሰከንድ ነው ወይስ ሊትር በሰዓት ነው የሚለውን ለጻፈ ነጥብ የሚሰጥበት ጥያቄ አለ። ታዲያ የምርጫ ጥያቄ ብቻ እያሠራ "መልሱ ሲ ነው" የሚል መጽሐፍ ይህንን ግማሽ እንዴት ያርማል?

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። ጥያቄዋ ይህች ናት። ፈንክሽኑ ኤክስ ኩብ ሲቀነስ ሦስት ኤክስ ነው። ጻፋችሁ? ኤክስ ኩብ፣ ሲቀነስ፣ ሦስት ኤክስ። ኤክስ ከ0 እስከ 3 ባለው ክልል ውስጥ፣ 0ም 3ም ተካተው፣ ፈንክሽኑ የሚደርስበት ትልቁ ዋጋ ስንት ነው?

ብዙ ተማሪ የሚሄደው እንዲህ ነው። ዴሪቬቲቩን ያወጣል፤ ሦስት ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ሦስት። ይህ ዜሮ የሚሆነው ክልላችን ውስጥ ኤክስ 1 ሲሆን ብቻ ነው። ኤክስን በ1 ይተካል፤ 1 ሲቀነስ 3፣ ኔጌቲቭ 2። "ትልቁ ዋጋ ኔጌቲቭ 2 ነው" ብሎ ደብተሩን ይዘጋል።

አሁን ሁለቱን የክልሉን ጫፎች እንሞክር። ኤክስ 0 ሲሆን ዋጋው 0 ነው። ኤክስ 3 ሲሆን 27 ሲቀነስ 9፣ 18 ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው 0፣ ኔጌቲቭ 2 እና 18 ናቸው። ትልቁ 18 ነው፤ የተገኘውም ጫፉ ላይ ነው። ተማሪያችን ትልቁ ብሎ የጻፈው ጭራሽ የሁሉም ትንሹ ሆኖ ተገኘ።

ይህንኑ ጥያቄ ሦስት ዓይነት መጻሕፍት እንዴት እንደሚያርሙት ተመልከቱ። አንደኛው መጨረሻ ገጹ ላይ "18" ብሎ ያትማል፤ ሌላ ነገር የለውም። ኔጌቲቭ 2 የጻፈው ልጅ መሳሳቱን ያውቃል፤ ለምን እንደተሳሳተ ግን አያውቅም። ምናልባት ስሌት የሳተ መስሎት ያልፈዋል፤ ነገም ያንኑ ይደግማል። ሁለተኛው መጽሐፍ ዴሪቬቲቩን ያሳያል፤ ሦስቱን ዋጋዎች በሠንጠረዥ ይደረድራል፤ "በተዘጋ ክልል ውስጥ ትልቁ ዋጋ ወይ ዴሪቬቲቩ ዜሮ የሚሆንበት ወይም የሌለበት ነጥብ ላይ፣ ወይ ጫፍ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም አወዳድር" ይላል። ይህ አርሟል። ሦስተኛው የኮሌጅ ቦርድ የራሱ የማረሚያ ሰነድ ነው። እንዲህ ላለ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ዴሪቬቲቩን ዜሮ ላደረገ ነጥብ፣ ጫፎቹን ጨምሮ ላወዳደረና ምክንያቱን ላሳየ ሌላ ነጥብ ይመድባል። 18 ብሎ በትክክል የመለሰ ልጅ ጫፎቹን መመርመሩን ካላሳየ የምክንያቱን ነጥብ እንደሚያጣ ተማሪው እዚያ ላይ ያያል።

(አጭር ሙዚቃ)

ተመልሰናል። ስለ አራሚነት ይህን ካልን ወደ መደርደሪያው እንሂድ። በራስ ለማጥናት የሚያገለግሉት መጻሕፍት በሦስት ይመደባሉ፤ የሚያስተምሩ፣ የሚከልሱና የሚፈትኑ። ገንዘብ የሚባክነው እነዚህ ሲምታቱ ነው። ካልኩለስን ፈጽሞ ያልተማረ ልጅ የመከለሻ መጽሐፍ ይገዛና "ያስተምረኛል" ብሎ ይጠብቃል። መከለሻው ግን የተማሩትን የሚያስታውስ ነው፤ ክፍል ውስጥ ሳምንታት የሚወስደውን ርዕስ በጥቂት ገጽ ይጨርሰዋል። ልጁ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ "ካልኩለስ ለእኔ አልተፈጠረም" ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ መጽሐፉ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው።

ከሚያስተምሩት እንጀምር። ዋናው መማሪያ መጽሐፍ ከፈለጋችሁ ገንዘብ ሳታወጡ የምታገኙት አለ። ሂውስተን በሚገኘው በራይስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኦፕንስታክስ በ2016 በሦስት ቅጽ ያወጣው ካልኩለስ በነጻ ይወርዳል። ከአዘጋጆቹ አንዱ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ጊልበርት ስትራንግ ናቸው። ኤቢ የምታጠኑ የመጀመሪያውን ቅጽ ትሠሩና ከሁለተኛው ቅጽ ስለ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የሚያወራውን ምዕራፍ ትጨምራላችሁ። ቢሲ የምታጠኑ ሁለተኛውን ቅጽ ሙሉ ታክላላችሁ፤ ስለ ቬክተር ፈንክሽኖች ደግሞ ከሦስተኛው ቅጽ ጥቂት ታነባላችሁ። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መልመጃዎች መልስ ከኋላ አለ።

በመደብር የሚሸጠው የጄምስ ስቱዋርት ካልኩለስ በብዙ ኮሌጆች የታወቀ ነው፤ ማብራሪያው ጥርት ያለ፣ መልመጃው የተትረፈረፈ። ነገር ግን ከኋላው ያለው መልስ እንጂ አሠራሩ አይደለም፤ አሠራሩን የያዘው ለብቻው የሚሸጥ ሌላ መጽሐፍ ነው። ስቱዋርትን የምትገዙ ከሆነ ያን የመፍትሔ መጽሐፍ አብራችሁ ፈልጉ፤ ያለዚያ አራሚ የሌለው መምህር ገዛችሁ ማለት ነው።

ለማረም የተዋጣለት ሌላ ነጻ ምንጭ ልጠቁማችሁ። ቴክሳስ በሚገኘው ላማር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፖል ዶውኪንስ ያዘጋጇቸው የካልኩለስ ማስታወሻዎች ኢንተርኔት ላይ አሉ። ከየርዕሱ ሥር የልምምድ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ የእያንዳንዱም አሠራር ደረጃ በደረጃ ተዘርዝሯል። ካን አካዳሚም ለኤቢና ለቢሲ በርዕስ በርዕስ የተዘጋጀ ነጻ ትምህርት አለው። ስትሳሳቱ ፍንጭ ይሰጣል፤ መንገዱንም ያሳያል። ጽሑፋችሁን አንብቦ ግን "ምክንያትህ አልተሟላም" አይላችሁም። ይህን ክፍተት በሌላ መሙላት አለባችሁ።

ወላጆች ምናልባት ዩኒቨርሲቲ ሳላችሁ የምታውቁት የሻውምስ ተከታታይ መጽሐፍም አለ። የተሠሩ ጥያቄዎችን በብዛት የያዘ ስለሆነ እጅ ለማፍታታት ጥሩ ነው፤ ለኤፒ ተብሎ ስላልተዘጋጀ ግን ብቻውን አይበቃም። ካልኩለስ የሚያስፈራው ተማሪ ደግሞ እንግሊዛዊው ሲልቫነስ ቶምፕሰን በ1910 ያሳተመውን ቀለል ያለ የካልኩለስ መጽሐፍ ቢያነብ ፍርሃቱ ይለቀዋል። የባለቤትነት መብቱ ስላለፈ በነጻ ይገኛል። ሊሚትን ግን ዛሬ ፈተናው በሚጠይቀው መንገድ አያስተምርም።

ወደ መከለሻዎቹ እንለፍ። በብዛት የሚገኙት ሦስት ናቸው። ባሮንስ ጠጠር ባሉ ጥያቄዎቹ ይታወቃል፤ መሠረቱን ለያዘና ከፍ ያለ ውጤት ለሚፈልግ ይስማማል። ፕሪንስተን ሪቪው ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ግንኙነት የለውም፤ አጻጻፉ ግን ለስለስ ያለ፣ እንደ ጭውውት የሚነበብ ነው፤ ሒሳብ ለሚከብደው ተማሪ ይቀላል። የማክግሮ ሂሉ "አምስት እርምጃ ወደ 5" ጊዜውን በፕሮግራም ለሚመራ ተማሪ የተመቸ ነው። የትኛው ይበልጣል? እንደ ተማሪው ነው። ሦስቱንም ከመግዛት አንዱን መርጦ ከዳር እስከ ዳር መሥራት ይሻላል።

እንዴት እንምረጥ? ከመክፈላችሁ በፊት መጽሐፉን ሦስት ቦታ ግለጡት።

አንደኛ፣ ቼይን ሩል የሚለውን ርዕስ ፈልጉ። የሳይን ሦስት ኤክስ ዴሪቬቲቭ ሦስት ኮሳይን ሦስት ኤክስ ነው። ሦስቱ ከፊት ለምን መጣ? ጥሩ መጽሐፍ "ውስጥ ያለው ከኤክስ ሦስት እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ስለሚለወጥ የውጪውም የለውጥ ፍጥነት በሦስት ይባዛል" የሚል ሐሳብ በሆነ መንገድ ያስቀምጣል። ቀመሩን ብቻ በሣጥን ከቦ የሚያልፍ ከሆነ የሚያስተምር መጽሐፍ አይደለም፤ ለመከለሻ ካልሆነ አትያዙት።

ሁለተኛ፣ የመልሶቹን ገጽ ግለጡ። አሠራር አለ ወይስ ፊደልና ቁጥር ብቻ? በተለይ የጽሑፍ ጥያቄዎቹን ተመልከቱ። ነጥብ በነጥብ ማረሚያ ከኋላ ካለ መጽሐፉ የፈተናውን ጠባይ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ጥያቄዎቹ ሁሉ በቀመር ብቻ የሚቀርቡ መሆናቸውን እዩ። ከኢትዮጵያ የመጡ ተማሪዎች እዚህ ላይ ልብ እንዲሉ እፈልጋለሁ። ቀመር ተሰጥቶ "ዴሪቬቲቩን አውጣ" ሲባል ፈጣን የሆነ ልጅ፣ ቀመሩ ተደብቆ ሠንጠረዥ ሲቀርብለት ሊደናገር ይችላል። ለምሳሌ የውሃ ሙቀት በ0፣ በ4፣ በ9 እና በ15ኛው ደቂቃ ተለክቷል ይባልና "በ6ኛው ደቂቃ የሙቀቱ የለውጥ ፍጥነት በግምት ስንት ነው?" ተብሎ ይጠየቃል። ቀመር የለም። በ9ኛው ደቂቃ ከተለካው የ4ኛውን ቀንሶ ለ5 ማካፈል ነው፤ መለኪያውም ዲግሪ በደቂቃ ተብሎ መጻፍ አለበት። የዴሪቬቲቩ ግራፍ ብቻ ተሰጥቶ ስለ ዋናው ፈንክሽን የሚጠየቅበትም ጊዜ ብዙ ነው። ሠንጠረዥና ግራፍ የማይታይበት አጋዥ መጽሐፍ ለዚህ ፈተና አያዘጋጅም።

ያገለገለ መጽሐፍ በርካሽ ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። መማሪያ መጽሐፍ አሮጌ ቢሆን ግድ የለም፤ ዴሪቬቲቭ ከቶምፕሰን ዘመን ወዲህ አልተለወጠም። የፈተና መከለሻ ግን ያረጃል። ከ2011 ወዲህ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ መቀነስ ቀርቷል፤ ስለዚህ "ካላወቅህ ባዶ ተወው" የሚል መጽሐፍ ካያችሁ አስቀምጡት። ከ2017ቱ ፈተና ጀምሮ የኤቢ ተማሪ ሎፒታል የሚባለውን የሊሚት ደንብ እንዲያውቅ ይጠበቃል፤ የምርጫ መልሶቹም ከአምስት ወደ አራት ወርደዋል። እስከ አምስተኛው ፊደል ድረስ ምርጫ የደረደረ መከለሻ ዕድሜውን ራሱ ይናገራል።

የሚፈትኑት ቀሩ። እዚህ ላይ ምርጫ ማብዛት አያስፈልግም። ኮሌጅ ቦርድ ያለፉትን ዓመታት የጽሑፍ ጥያቄዎች ከነማረሚያቸው በድረ ገጹ በነጻ ያወጣል። ከዚህም በላይ እውነተኛ ተማሪዎች የጻፏቸውን መልሶች ስማቸውን ሳይገልጽ ያትማል፤ ለእያንዳንዱ ስንት ነጥብ እንደተሰጠና ለምን እንደተሰጠ ያብራራል። ለብቻው ለሚያጠና ተማሪ ከዚህ የተሻለ አራሚ አላውቅም።

አጠቃቀሙ እንዲህ ይሁን። ለአንድ ጥያቄ 15 ደቂቃ ያዙ፤ ፈተናው ላይ በአማካይ የሚደርሰውም ይህ ነው። ሥሩት። ከዚያ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ፣ በማረሚያው መሠረት፣ ለራሳችሁ ሳታዳሉ ከ9 ስንት እንዳገኛችሁ ጻፉ። "ማለት የፈለግሁት እኮ ይህን ነው" አይሠራም፤ ያልተጻፈ ነጥብ የለውም። ካልኩሌተር በሚፈቀድበት ጥያቄ የአስርዮሽ መልስ እስከ ሦስት ቤት ትክክል መሆን እንዳለበትም አትርሱ። በመጨረሻ የሳታችሁትን በደብተር መዝግቡ፤ ጥያቄውን፣ የሳታችሁበትን ምክንያትና ትክክለኛውን አካሄድ። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ጥያቄ መልሱን ሳታዩ እንደገና ሥሩት።

ጥያቄውን በስልክ ካሜራ አንስቶ መልስ የሚያመጣ አፕ ስላለስ? አትጠቀሙ አልልም። መጀመሪያ የራሳችሁን ሙሉ መልስ ጻፉ፤ ከዚያ አወዳድሩ። ካሜራው ቀድሞ ከወጣ ተማሪው አንባቢ ይሆናል፤ የሌላውን አሠራር አይቶ "ገባኝ" ይላል፤ ፈተና ላይ ግን እጁ አይታዘዝለትም።

(አጭር ሙዚቃ)

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይባላል። ካልኩለስ የሚጥላቸው ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት በአልጄብራና በትሪጎኖሜትሪ ነው። ዴሪቬቲቩን በትክክል አውጥቶ፣ ዜሮ ካደረገ በኋላ ፋክተር ማድረግ አቅቶት የሚቀር አለ። የፓይ ሲካፈል ስድስት ሳይን አንድ ሁለተኛ መሆኑን ያለ ካልኩሌተር የማያውቅ፣ ኔጌቲቭ ወይም ክፍልፋይ ፓወር ሲያይ የሚደነግጥ ተማሪ የካልኩለስ አጋዥ መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት ጥቂት ሳምንት ፕሪካልኩለስ ይከልስ።

የሃይሜ ኤስካላንቴ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ቦሊቪያ ተወልደው ወደ አሜሪካ የመጡት እኚህ መምህር በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ፣ ጋርፊልድ በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1974 ማስተማር ጀመሩ። በ1982 18 ተማሪዎቻቸው የኤፒ ካልኩለስን ፈተና ወስደው ሁሉም አለፉ። ፈታኙ ድርጅት ተጠራጠረና 14ቱን እንደገና እንዲፈተኑ ጠየቀ፤ 12ቱ ተፈተኑ፤ 12ቱም አለፉ። በ1988 ፊልም ተሠራበት። ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉም ነገር በአንድ ዓመት የሆነ ይመስለዋል። ነገር ግን መምህሩ ትምህርት ቤቱ ከገቡ 8 ዓመት ሆኗቸዋል፤ በነዚያ ዓመታት ከሥር ያለውን ሒሳብ ሲገነቡ ነበር።

ጊዜውን እንዴት እናከፋፍለው? ፈተናው በሜይ ወር ነው። ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ መማሪያ መጽሐፉ ላይ ይዋል። ማርች ሲገባ መከለሻው ይከፈት፤ ያኔ መከለሻው በትክክል ሥራውን ይሠራል። ኤፕሪል ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ወር ይሁን። ስሌቱን ካያችሁት መማሪያው ነጻ ነው፣ የድሮ ጥያቄዎቹም ነጻ ናቸው። ኪሳችሁን የምትነኩት ለአንድ መከለሻ ብቻ ነው፤ እሱንም የሰፈራችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊያውሳችሁ ይችላል።

ለመመዝገብ በመጸው፣ ትምህርት እንደተከፈተ፣ የትምህርት ቤታችሁን የኤፒ አስተባባሪ አነጋግሩ። ትምህርት ቤቱ ካልኩለስ የማይፈትን ከሆነ ፈተናውን የሚሰጥ ሌላ ትምህርት ቤት በአካባቢው ይኖራል። ፈተናዎቹ የሚታዘዙት እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ስለሆነ ጃንዋሪ ላይ ማሰብ ይዘገያል። በ2025 አሜሪካ ውስጥ ክፍያው 99 ዶላር ነበር፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ቅናሽ አለ፤ ለመጠየቅ አትፈሩ። ኮሌጆች ለየትኛው ውጤት ክሬዲት እንደሚሰጡ ይለያያል፤ ልጁ ሊገባበት የሚያስበውን ኮሌጅ ደንብ ቀድማችሁ እዩ። ኤቢ ወይስ ቢሲ የሚለውን ለመወሰንም ይረዳል።

እናቶችና አባቶች፣ "እኔ ካልኩለስ አላውቅ፣ በምን ልርዳው?" ትሉ ይሆናል። ደብተሩን እዩ። ሁለት ቀለም አለበት ወይ? አንዱ የሥራው፣ ሌላው የእርማቱ። በአንድ ቀለም ብቻ ተሞልቶ፣ ስህተት የማይታይበት ደብተር ንጹሕ ሊመስላችሁ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያልታረመ ደብተር ነው። ከዚያ አንድ የተሳሳተበትን ጥያቄ መርጣችሁ "ይሄን ለምን ሳትከው?" በሉት። በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ አስረድቶ ከጨረሰ ገብቶታል። "እንዲሁ ነው" ካለ ወደ መጽሐፉ ይመለስ።

እንግዲህ ለሳምንቱ የቤት ሥራ ሰጥቻችሁ ልሰናበት። ፈንክሽኑ ኤክስ ኩብ ሲቀነስ አሥራ ሁለት ኤክስ ነው። ክልሉ ከኔጌቲቭ 3 እስከ 5፣ ሁለቱም ጫፎች ተካተው። ትልቁና ትንሹ ዋጋ ስንት ስንት ናቸው? ቁጥሮቹን ብቻ ጽፋችሁ እንዳትተዉት፤ ለምን ሌላ ሊሆን እንደማይችል በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ከነማረሚያው አቀርባለሁ፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ ስንት ነጥብ እንደሚሰጥም እናያለን። እስከዚያው መጽሐፍ ልትገዙ የወጣችሁ ካላችሁ የመልሶቹን ገጽ ሳትገልጡ አትክፈሉ።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)